ሃላኻን (የአይሁድን ሃይማኖታዊ ሕግ) ለመማር ከየት ልጀምር? ለአንዲት እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በልጅነቴ ከጎንደር ወደ እስራኤል መጣሁ፤ አሁን የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ‹ይህ በሰንበት ይፈቀዳል፣ ያ አይፈቀድም› እያሉ ይመጣሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው አያውቁትም፤ እኔም አላውቅም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ያስተማረን ከቄሶቹ፣ ከቤተ እስራኤል (ከኢትዮጵያ አይሁድ) ካህናት፣ የተቀበለውን ነበር። የረቢዎቹን መጻሕፍት ስከፍት ዕብራይስጡ ይከብደኛል፣ ብዛታቸውም ያስፈራኛል። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደግሞ ለአንድ የቡና ጥያቄ አራት ዓይነት መልስ አገኘሁ። እናቴ ስኳር ሕመም አለባት፤ እንደዚያም ሆኖ አስተሰርዮን (የስርየትን ቀን፣ ዮም ኪፑርን) ሳልጾም አልውልም ትላለች። ሕጉን ለዕለት ኑሮዬ በሚጠቅም መንገድ ለመማር ከየት ልጀምር? አባቴ ያስተማረኝስ ስህተት ነበር ማለት ነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ልጆችዎ ውሳኔውን ይዘው ምክንያቱን ሳይዙ መምጣታቸው ያሳሰበዎት በትክክል ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ሕግ አዲስ ነገር ሲገጥም መንገድ አያሳይም። ልጁ «ሻይ እንዲህ ተደርጎ ይፈቀዳል» ብሎ ከሸመደደ፣ ቡና ሲቀርብለት እንደገና ዜሮ ላይ ነው። ስለዚህ ምክሬን ከፊት ላስቀምጥ፦ መቶ ውሳኔ ከማጥናት አንድ ርእስ ይምረጡና ከኦሪቱ ጥቅስ ጀምረው እስከ ወጥ ቤትዎ ድረስ ይከተሉት። አንዱን እንዲህ የጨረሰ ሰው ሁለተኛውን በግማሽ ድካም ይጨርሰዋል። ለዐዋቂዎች ሃላኻ ሳስተምር ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላየሁም።

ብዛቱ የሚያስፈራው እርስዎን ብቻ አይደለም። የቃል ሕጉ ትምህርት መጀመሪያም በመጽሐፍ እንዲሰፍር አልታሰበም ነበር። በቃል የተሰጠውን መጻፍ እንደማይፈቀድ ታልሙድ (የሊቃውንቱ ክርክር የተጻፈበት መጽሐፍ) ራሱ ይናገራል፤ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በአፍና በጆሮ የሚሸጋገር ነበር። ቤተ መቅደሱ በ70 ከፈረሰ በኋላ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ስደቱና መከራው ሲበረታ፣ ሊቃውንቱ «ለእግዚአብሔር የሚሠራበት ጊዜ ነው» የሚለውን የመዝሙር ቃል ተደግፈው ያን ክልከላ አለፉት። በ200 አካባቢ ረቢ ይሁዳ ሃናሲ የቃል ሕጉን መድብል፣ ሚሽናን፣ በስድስት ክፍሎች አሰናዱ። ሕጉን ለብዙኃኑ ለማድረስ የተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ይህ ይመስለኛል። ከባድ መሥዋዕትነትም ነበረው፤ የመምህሩ ፊት በሌለበት የሚነበብ ሕግ ሊጣመም እንደሚችል ያውቁ ነበርና።

በሚሽና ላይ የተካሄደው ክርክር የባቢሎን ታልሙድ ሆነ። ታልሙድ በጥቅሉ የውሳኔ መጽሐፍ አይደለም፤ የሙግት መዝገብ ነው። አንዱ ሊቅ ይፈቅዳል፣ ሌላው ይከለክላል፣ ሦስተኛው ሁለቱን ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜም ማን እንደረታ ሳይነገር ወደ ሌላ ጉዳይ ይሻገራል። በ1923 ረቢ ሜየር ሻፒሮ ቪየና ላይ በተደረገ ጉባኤ በየአገሩ ያለው አይሁዳዊ ሁሉ በየቀኑ አንድ ዓይነት የታልሙድ ቅጠል (ፊትና ጀርባውን) እንዲያጠና ሐሳብ አቀረቡ፤ ይህ የዕለት ጥናት 2,711 ቅጠሎችን በሰባት ዓመት ተኩል ያህል ያስጨርሳል። ዐሥራ አራተኛው ዙር በጥር 2020 ተጀምሯል። ድንቅ ልማድ ነው። ነገር ግን ዓርብ ከሰዓት ድስቱን ምን ላድርገው ለሚል ሰው የመጀመሪያው በር እሱ አይደለም።

ይህን ችግር በግልጽ አይቶ ሊፈታው የተነሣው ራምባም ነው፤ ሙሉ ስሙ ሙሴ ቤን ማይሞን፣ በኮርዶባ የተወለደ፣ በግብፅ የኖረ ሐኪምና ፈራጅ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መላውን ሕግ በዐሥራ አራት መጻሕፍት፣ በጠራ ዕብራይስጥ፣ ያለ ሙግትና ያለ ስም ጥሪ ጻፈ። በመግቢያው ላይ፣ ሰው መጀመሪያ ኦሪትን ከዚያ ይህን መጽሐፍ ቢያነብ የቃል ሕጉን ሁሉ ያውቃል፣ በመካከል ሌላ መጽሐፍ አያስፈልገውም ይላል። ወዲያው ተቃውሞ ተነሣበት። በደቡብ ፈረንሳይ የነበረው ራባድ፣ ምንጩን ሳትነግረን ውሳኔህን ብቻ ለምን እንቀበላለን አለ። የሚገርመው፣ ራምባም ራሱ ለአንድ የእስክንድርያ ዳኛ በጻፈው ደብዳቤ ምንጮቹን ባለማስፈሩ ማዘኑን፣ ለዚያም ሌላ መጽሐፍ ለመጻፍ ማሰቡን ገልጿል። መጽሐፉን ግን ሳይጽፈው ሞተ። እንግዲህ ልጆችዎን «ምክንያቱስ?» ብለው ሲጠይቁ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ጥያቄ እየጠየቁ ነው።

ለዚህ ሙግት የተሻለውን መልስ የሰጠው በእኔ አስተያየት ዮሴፍ ካሮ ነው፤ የሰጠውም በሥራው ቅደም ተከተል ነው። ከስፔን በ1492 ከተባረሩት ቤተሰቦች ልጅ ነበር። በ1522 ቤት ዮሴፍ የተባለውን ግዙፍ ሥራ ጀምሮ፣ እያንዳንዱን ሕግ ከታልሙድ ምንጩ እስከ መጨረሻዎቹ ፈራጆች ድረስ እየተከተለ ለሃያ ዓመት ጻፈ። ከዚያ በኋላ ነው፣ የዚያን ሁሉ ፍሬ በአጭሩ ሹልሃን ዓሩኽ ውስጥ ያስቀመጠው። መጽሐፉ በ1565 ቬኒስ ታተመ፤ በወር ተነብቦ እንዲያልቅም በሠላሳ ክፍል ተከፈለ። በክራኮው የነበሩት ረቢ ሙሴ ኢሰርለስ ደግሞ የአሽከናዝን (የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድን) ልማድ በየቦታው ጨመሩበት። ዛሬ የሚታተመው የሁለቱ ቃል ጎን ለጎን ነው፤ ልዩነታቸው ሳይደበቅ በአንድ ገጽ ላይ ይነበባል። አጭሩ መጽሐፍ የሚታመነው ከጀርባው ረጅሙ ስላለ ነው። የሚመርጡት መጽሐፍ እንዲህ ዓይነት ጀርባ እንዳለው ሁልጊዜ ይመልከቱ።

አንድ ነገር ላክል፣ በተለይ ለእኛ አማርኛ ተናጋሪዎች። ሹልሃን ዓሩኽ ከታተመ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1568፣ በሰሎኒካ ፍሬ ሐሳቡ በላዲኖ ቋንቋ ታትሟል፤ ዕብራይስጥ በቅጡ ለማያነቡ የስፔን ስደተኞች ነው። ሕጉን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ማቅረብ የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። ሚሽና ራሱ፣ በሶጣ ክፍል ሰባተኛው ምዕራፍ፣ «ስማ እስራኤል»ም ሆነ ጸሎቱ፣ ከምግብ በኋላ የሚባለው ምስጋናም በማንኛውም ቋንቋ ሊባል እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ እናትዎ ከበሉ በኋላ በአማርኛ ቢያመሰግኑ ግዴታቸውን ተወጥተዋል። ይህን ለልጆችዎ ይንገሯቸው፤ አያታቸው ዕብራይስጡ ስላልተሟላላቸው ጸሎታቸው የጎደለ እንዳይመስላቸው።

አሁን ወደ ቡናው። አራት መልስ ያገኙበትን ጉዳይ እንደ ምሳሌ ልውሰደው፤ ከላይ ያልኩት «አንድ ርእስ ከጥቅስ እስከ ወጥ ቤት» ምን ማለት እንደሆነ በዚሁ ይታያል።

ኦሪት በሰንበት ሥራ አትሥራ ይላል፤ የትኛው ሥራ እንደሆነ ግን በዝርዝር አይናገርም። ሚሽና በሰንበት ክፍል ሰባተኛው ምዕራፍ 39 ዋና ዋና ሥራዎችን ይቆጥራል፤ ሊቃውንቱም በምድረ በዳ ከተሠራው የማደሪያው ድንኳን ሥራ ጋር ያያይዟቸዋል። አሁን የቡና ሥርዓታችንን ከዚህ ዝርዝር አጠገብ ያስቀምጡት። ቡናውን ስንለቅም መጥፎውን ፍሬ ከደኅናው እየለየን ነው፤ መለየት አንዱ ሥራ ነው። እሳቱን ማንደድ ሌላው። መቁላት ከማብሰል ይቆጠራል። መውቀጥ ወይም መፍጨት በስሙ የተጠቀሰ ሥራ ነው። ጀበናውን ማፍላት እንደገና ማብሰል ነው። አቦሉ ተቀድቶ ለቶና ውሃ ሲጨመርም ጥሬው ውሃ በጋለው ጀበና ውስጥ ይበስላል። እንግዲህ አንድ የቡና ሥርዓት ከሠላሳ ዘጠኙ አራቱን ይነካል፤ አንዱን ደጋግሞ።

ስለዚህ መልቀም፣ መቁላት፣ መፍጨቱ ዓርብ ያልቃል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ቀላሉና ከጥርጣሬ የራቀው መንገድም ቡናውን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ አፍልቶ በፔርሙስ ማስቀመጥ ነው። ክርክሩ የሚጀምረው ተቆልቶ የተፈጨው ቡና ላይ በሰንበት የሞቀ ውሃ ልጨምር ወይ ሲባል ነው፤ አራቱ መልሶች የሚወለዱትም እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፦ በእሳት የተቆላ ነገር አንዴ እንደበሰለ ይቆጠራል ወይስ በውሃ ሲፈላ እንደ አዲስ ይበስላል? ሹልሃን ዓሩኽ በሰንበት ሕግ 318ኛው አንቀጽ ላይ የሚከለክለውንም የሚፈቅደውንም አስተያየት ያመጣል። ሁለተኛው፦ ውሃው ያለው በየትኛው ዕቃ ነው? እሳት ላይ የነበረው «የመጀመሪያ ዕቃ» ይባላል፤ ከእሳት ከወረደ በኋላም ትኩሳቱ እስካለ ያበስላል። ከእሱ የተቀዳበት ሁለተኛው ዕቃ ጎኖቹ ስለሚያቀዘቅዙት በአብዛኛው አያበስልም ይባላል፤ ሆኖም ቶሎ የሚበስሉ ነገሮች ስላሉ ብዙዎች ይጠነቀቃሉ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛ ዕቃ ሲገለበጥ ጥርጣሬው እጅግ ይቀንሳል። ትኩሳቱ ራሱ በታልሙድ የተለካው እጅ ነክቶት በሚሸሸው መጠን ነው፤ የዘመናችን ፈራጆች ይህን ወደ ቴርሞሜትር ሲያመጡት በጥንቃቄ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያስቀምጡታል።

አሁን ያገኟቸውን መልሶች መልሰው ያንብቧቸው። «ምንም ችግር የለውም» ያለው፣ የተቆላ ነገር እንደ በሰለ ይቆጠራል የሚለውን ይዞ ነው። «በሦስተኛ ብርጭቆ ብቻ» ያለው ሁለቱንም ጥርጣሬ አብሮ ይሸሻል። «ፈጽሞ አይሆንም» ያለው ምናልባት ስለ ጀበናው ነው የተጠየቀው። መልሶቹ እርስ በርስ የሚጣሉ የመሰሉት ከየት እንደተነሡ ስላልተጻፈባቸው ነው። የቀዘቀዘውን ቡና ወይም የወጡን መረቅ ማሞቅም እንዲሁ ነው፦ ካሮ ፈሳሽ ነገር ከዚያ የእጅ መጠን በታች ከወረደ ማሞቁን ይከለክላል፤ ኢሰርለስ ጨርሶ እስካልቀዘቀዘ ድረስ ያቀላል። ጎረቤትዎ የሞሮኮ ልጅ ሆና ባልደረባዎ ከፖላንድ ቤተሰብ ብትሆን፣ ሁለቱ ፕላታ (የሰንበት ምግብ ማሞቂያ ምድጃ) ላይ የሚያስቀምጡት ነገር የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዷ ስለተሳሳተች አይደለም።

አባትዎ ግን ፕላታም ፔርሙስም አያውቁም ነበር፤ ምናልባት በሰንበት እሳት የሚባል ነገር ቤት ውስጥ አልነበረም። በዘጸአት 35፥3 «በሰንበት ቀን በማደሪያችሁ ሁሉ እሳት አታንድዱ» ይላል። ቤተ እስራኤል ቃሉን እንደ ተጻፈ ተረድተው፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ እሳቱን አጥፍተው፣ ምግቡን ቀዝቃዛ በልተው፣ ሌሊቱን በጨለማ አሳልፈው ሰንበትን አክብረዋል። ረቢዎቹ ያንኑ ጥቅስ «በሰንበት አታቀጣጥሉ» ብለው ተረዱት፤ ቀድሞ የበራ መብራት ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ቤቱ በሰንበት እንዳይጨልም ሴቲቱ መብራት እንድታበራ ግዴታ አደረጉ። ጥቅሱ አንድ ነው፤ የተሄደበት መንገድ ሁለት ነው። የአባትዎ መንገድ በታልሙድ በኩል ሳያልፍ በግእዙ ኦሪት፣ በቄሶቹ ቃልና እንደ ትእዛዘ ሰንበት ባሉ መጻሕፍት የመጣ ነው። ለእንዲህ ያለ አጠባበቅ ስህተት የሚለውን ቃል ልጠቀም አልችልም፤ ልጆችዎም እንዲጠቀሙት አይፍቀዱ።

ይህን የምለው ልብዎን ለማሳረፍ ብቻ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የነበሩት ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ ከኢትዮጵያ የመጡ አይሁድን ጉዳይ ሲዳኙ የዳን ነገድ ልጆች ናቸው ብለዋል። በ1973 ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ያን ተደግፈው ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ወሰኑ። የተጻፈው ከስንት መቶ ዓመት በፊት የሆነ አንድ ምላሽ ስለተጠበቀ ነው ወደ እስራኤል የወሰዱን አውሮፕላኖች የመጡት ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ምላሽ ባይጻፍ፣ ተጽፎም ባይገኝ፣ መንገዱ ይበልጥ ይረዝም እንደነበር አምናለሁ። እንደዚያም ሆኖ በ1980ዎቹ ከመጡት ብዙዎቹ ለጥርጣሬ ማስወገጃ ተብሎ ወደ አይሁድነት የመለወጥ ሥርዓት ሲጠየቁ ያዘኑበትን፣ በ1985 በኢየሩሳሌም አደባባይ የተቀመጡበትን ጊዜ ቤተሰብዎ ሳያስታውሱት አይቀሩም። ሕጉን ሳይማሩ ሕጉ ሲፈረድባቸው ማየት ምን ያህል እንደሚያቆስል እኛ በደንብ እናውቃለን። ለእኔ ሃላኻን በአማርኛ የማስተማር ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን ማንበብ ከፈለጉ፣ ኢትዮጵያ የተወለዱት ረቢ ሻሮን ሻሎም «ከሲና እስከ ኢትዮጵያ» በሚለው የዕብራይስጥ መጽሐፋቸው የቤተ እስራኤልን ልማድ ከሹልሃን ዓሩኽ አጠገብ በየርእሱ አስቀምጠዋል። ከልጆችዎ ጋር ሊያነቡት የሚችሉት መጽሐፍ ነው፤ እነሱ ዕብራይስጡን ያነባሉ፣ እርስዎ ደግሞ አባትዎ ምን ያደርጉ እንደነበር ይነግሯቸዋል። እንዲህ ሲሆን መምህሩ ማን እንደሆነ ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ ጥሩ ጥናት ይሆናል።

እንጀራም ብዙ ጊዜ ይጠየቃል፤ ለጥናት ግሩም ርእስ ስለሆነ በአጭሩ ልንካው። ሚሽና በኻላ (ከሊጥ ተለይቶ የሚወጣ ድርሻ) ክፍል መጀመሪያ ላይ ለዳቦ ሕግ የሚሆኑትን አምስት እህሎች ይዘረዝራል፤ ስንዴና ገብስ ይገኙባቸዋል፣ ጤፍ የለም። ስለዚህ ከንጹሕ ጤፍ ሊጥ ኻላ አይለይም። ሹልሃን ዓሩኽ ከእነዚህ አምስቱ ውጭ ካሉ እንደ ማሽላና ዘንጋዳ ካሉ ጥቃቅን እህሎችና ከጥራጥሬ ስለሚጋገር ዳቦ በሚሰጠው ሕግ መሠረትም በላዩ የሚባለው ቡራኬ ሸሃኮል (የልዩ ልዩ ምግብና መጠጥ ቡራኬ) እንጂ የዳቦው ቡራኬ ሃሞጺ አይደለም። የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት እንጀራ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቡራኬውም፣ ኻላውም፣ ከሁሉ በላይ ፋሲካው ይለወጣል። ስለዚህ ከሱቅ ሲገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ተቀላቅሎበታል?» ነው። ልብ ይበሉ፤ በረቢዎቹ ሕግ ንጹሕ ጤፍ ቢቦካም ኻሜጽ (በፋሲካ የተከለከለ የቦካ እህል) አይባልም፣ የቤተ እስራኤል ልማድ ግን በፋሲካ የቦካውን ነገር በጠቅላላ ይርቅና ቂጣ ይበላል። እዚህ ላይ የአባትዎ ልማድ ከረቢዎቹ ሕግ ይጠብቃል። ሌላው ልማድ ሁሉ ተነሥቶ እርስዎ ይህን ብቻ እንኳ ቢጠብቁ የሚነቅፍዎት ረቢ ይኖራል ብዬ አላስብም።

ለሴቶች ብቻ ስለሚሆነው ጉዳይም ዝም ብዬ አላልፍም፤ ብዙዎች ለመጠየቅ ስለሚያፍሩ። በኢትዮጵያ እናቶቻችን በወር አበባቸው ጊዜ ወደ መርገም ጎጆ ይወጡ ነበር። በእስራኤል አፓርታማ ውስጥ ጎጆ የለም፤ የረቢዎቹ ሕግ በቀን አቆጣጠርና በሚክቬ (የመንጻት መታጠቢያ) ላይ የቆመ ነው፣ ዝርዝሩም ረቂቅ ነው። አንዲት ሴት ስለ ሰውነቷ ወንድ ረቢ ፊት ቀርባ መናገር ሲከብዳት፣ ሳትጠይቅ ራሷ ላይ ታጠብቃለች፤ አንዳንዴም ሳያስፈልግ ለሳምንታት ከባሏ ትለያለች። በኢየሩሳሌም ያለው ኒሽማት የተባለው የሴቶች የትምህርት ተቋም ይህን ክፍተት አይቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚህ ሕግ የሠለጠኑ ሴት አማካሪዎችን ማስመረቅ ጀመረ፤ የሕክምናውንም ጎን ተምረው ነው የሚወጡት። በዚህ ርእስ ጥያቄ ካለዎት ወደ እነሱ መደወል ይችላሉ። ሕጉ አልተለወጠም፤ ወደ እሱ የሚገባበት በር ነው የሰፋው፤ በእኔ እምነት በዚህ ትውልድ ከተሠሩት በጎ ሥራዎች አንዱ ነው።

ስለ ኢንተርኔቱ። ምንጮቹን በተመለከተ ዘመናችን የተባረከ ነው። ረቢ አዲን ሽታይንዛልትዝ ከ1965 ጀምረው በአርባ አምስት ዓመት ድካም መላውን የባቢሎን ታልሙድ በአናባቢ ነጥቦችና በሥርዓተ ነጥብ፣ በዘመናዊ ዕብራይስጥ ማብራሪያ አውጥተዋል። ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የፈራጆችን ምላሾች በኮምፒውተር ሰብስቧል። ሴፋሪያ የተባለው ቤተ መጻሕፍት ሚሽናን፣ ታልሙድን፣ ራምባምን፣ ሹልሃን ዓሩኽን በስልክ ላይ በነጻ ያቀርባል፤ አንዱን ጥቅስ ሲነኩ የተያያዙት ምንጮች ይወጣሉ። ካሮ ሃያ ዓመት የደከመበትን የመከታተል ሥራ የሚያቀል ነገር ነው፤ እርስዎም ዕብራይስጡ ሲከብድዎት ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

የተዘጋጀ መልስ ግን ሌላ ነው። በሰንበት በየምኩራቡ በሚታደሉት ወረቀቶች ላይ በስልክ መልእክት የተላከ ጥያቄና የአንድ መስመር መልስ ሲታተም ያያሉ። መልሱ ለጠያቂው ልክ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን ጠያቂው የማን ወገን እንደሆነ፣ ታማሚ ይሁን ጤነኛ፣ ችግሩ አስቀድሞ የተፈጸመ ይሁን ገና ሊፈጸም የታሰበ አያውቁም፤ በሃላኻ ደግሞ እነዚህ ሁሉ ውሳኔውን ይለውጣሉ። ምንጩን የማይጠቅስ፣ የየትኛው ወገን ልማድ እንደሆነ የማይናገር መልስ ካጋጠመዎ፣ ለማጥናት መነሻ ያድርጉት እንጂ አይደገፉበት።

ለመጀመር የምመክረው እንዲህ ነው። የሰንበትን ማብሰል ይምረጡ፤ በየሳምንቱ ስለሚገጥምዎት አይረሳም። ሚሽናውን ያንብቡ፣ ከዚያ ራምባምን፤ ዕብራይስጡ ከሁሉም ይልቅ ንጹሕና ገር የእሱ ነው። ከዚያ ሹልሃን ዓሩኽን ከነኢሰርለስ። በመጨረሻ ለዘመናችን ኑሮ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ይያዙ። የረቢ ኤሊዔዘር ሜላሜድ ፕኒኔ ሃላኻ ምክንያቱን ከውሳኔው ጋር አብሮ ስለሚያብራራ፣ የአሽከናዝንም የሰፋርድንም (የስፔንና የሰሜን አፍሪካ አይሁድን) ልማድ ስለሚጠቅስ ለጀማሪ እመርጠዋለሁ። የአሽከናዝን ልማድ በጥልቀት ማወቅ የሚፈልግ በረቢ እስራኤል ሜየር ካጋን የተጻፈውን ስድስት ቅጽ ሚሽና ብሩራ ይጨምራል፤ አሁን ግን አይቸኩሉ። አጫጭሮቹን የሕግ መድብሎች ደግሞ ከመጀመሪያው ባይይዟቸው እመርጣለሁ፤ ውሳኔ ብቻ ይሰጣሉና ልጆችዎ ያመጡትን ችግር ወደ እርስዎ ያዞሩታል። ከአንዲት ጓደኛ ጋር ቢያጠኑ ይበረታሉ። በአካባቢዎ አንድ ረቢ፣ ከተገኘም የቤተ እስራኤልን ልማድ የሚያውቅ፣ ይምረጡና የራስዎን ጉዳይ ለእሱ ብቻ ያቅርቡ፤ ከሦስት ሰው ጠይቆ የቀለለውን መያዝ ተገቢ አይደለም።

የእናትዎ ጉዳይ ግን ጥናቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ሕይወትን ማዳን ሰንበትንም አስተሰርዮንም ይሽራል፤ ይህ የማንም ወገን ልማድ ሳይሆን የሁሉም ሕግ ነው። የኢየሩሳሌም ታልሙድ በዮማ ክፍል ስለዚህ ሲናገር፣ ሰው በአደጋ ላይ ሳለ ቆሞ የሚጠይቅ ደም እንዳፈሰሰ ነው ይላል፤ የሚጠየቀው ረቢም የሚነቀፍ ነው ይላል። ረቢው የሚነቀፈው፣ ተንታኞቹ እንደሚያስረዱት፣ ሕዝቡን አስቀድሞ ማስተማር ስለነበረበት ነው።

ሐኪማቸው መጾም ለሕይወታቸው ያሰጋል ካለ፣ መብላት ለእናትዎ ትእዛዝ ነው፤ ጾሙን እንዳፈረሱ አይቆጠርም። ጥቂት በጥቂት መብላት ይበቃቸዋል ካለ ደግሞ ሹልሃን ዓሩኽ በ618ኛው አንቀጽ ያስቀመጠው መንገድ አለ፦ ከተወሰነ መጠን በታች እየበሉ በመካከሉ መቆየት። በዛሬ መለኪያ ምግቡ ከ30 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ፣ በየዘጠኝ ደቂቃው ይሆናል። ለውሃው መለኪያው የራሳቸው ጉንጭ ነው፤ አንድ ጉንጭ ሙሉ የሚሆነውን በሥራ ቀን በመለኪያ ኩባያ ይለኩትና ከዚያ ያነሰውን ምልክት ያድርጉበት። መድኃኒቱ፣ ኢንሱሊኑ፣ የደም ስኳር መለኪያው በዕለቱ እንዴት እንደሚሆን ሐኪሙ ይጻፍላቸው፤ ረቢውም ያን ወረቀት አይቶ በራሱ አፍ ለእናትዎ ይንገራቸው። እርስዎ ከሚነግሯቸው ይልቅ ከእሱ ቢሰሙት ይቀበላሉ፤ የሚያከብሯቸው ቄስ ካሉም አብረው ቢቀመጡ ይበልጥ ጥሩ ነው። ይህን ሁሉ በዋዜማው ሳይሆን ኤሉል (ከአስተሰርዮ በፊት ያለው የዕብራውያን ወር) ሲገባ ይጀምሩት፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል፣ እናትዎም ለመቀበል።